ድረ ገጻችሁ ደሴም ባቲም እንዲሠራ፦ አገልግሎትን ከተጠቃሚው ሁኔታና አካባቢ ጋር የማስማማት ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የተሠራ ድረ ገጽ ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ ሲሞከር ያለ እንከን ይሠራል። ባቲ ገበያ መሐል ሲከፈት ግን ተጠቃሚውን አዲስ አበባ ነህ ይለዋል፤ የቀጠሮውን ሰዓት በስድስት ያዛባል፤ በ07 የሚጀምር ስልክ አልቀበልም ይላል፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ አንዱን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይመዘግባል። ከሌላ አገር ናሙና እንዳለ የተቀዳ ሥራ ሁሉ የሚወድቀው እነዚሁ ቦታዎች ላይ ስለሆነ፣ መመሪያው እነሱን በቅደም ተከተል ይዞ ይሄዳል።

ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንድ ነገር ያዙ፦ ስልኩና ብራውዘሩ ስለ ተጠቃሚው የሚነግሯችሁ ሁሉ ግምት ነው። ግምቱ ቅጹን ቀድሞ ለመሙላት ያገልግል። የመጨረሻውን ቃል ተጠቃሚው ይናገር። ግምቱ ጭራሽ ባይገኝም አገልግሎቱ መሥራት አለበት።

ለምሳሌ የምንይዘው ደሴ ላይ ሆኖ ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅና ለባቲ ዕቃ የሚያደርስ ሱቅ ነው። የእናንተ ሥራ የመኪና ትኬት፣ የክሊኒክ ቀጠሮ ወይም የእህል ዋጋ ማሳያ ቢሆንም ደረጃዎቹ አይለወጡም።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ርካሽ አንድሮይድ ስልክ፣ ሚሞሪው 2 ጊጋባይት የሆነ። የእናንተን ስልክ ለሙከራ አትጠቀሙ፤ ችግሩን ይደብቅባችኋል።
- ሁለት ሲም፣ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም አንዱ የሳፋሪኮም።
- ክሮምና ኦፔራ ሚኒ፤ ኦፔራ ሚኒን በከፍተኛው ዳታ ቆጣቢ ላይ አድርጉት።
- የአጭር መልእክት አቀራረብ የምታዩበት ተራ ቁልፍ ስልክ።
- ኮድ ሳትነኩ የምትሞሉት ወረቀት። ይህን አትዝለሉት።

ደረጃ 1፦ የትኛው ሁኔታ ሥራችሁን እንደሚለውጥ ለዩ

1. ወረቀቱን በአራት አምድ ክፈሉ፦ ሁኔታው፣ ከየት እንደሚታወቅ፣ ካልታወቀ ምን እንደሚደረግ፣ በገጹ ላይ ምን እንደሚለውጥ።
2. ቦታ፣ ሰዓት፣ ቋንቋ፣ የኔትወርክ ጥንካሬ፣ የስልክ ዓይነት፣ ስልኩ የግል ነው የጋራ፣ የሚከፍለውና የሚቀበለው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት እያላችሁ ጻፉ።
3. አራተኛው አምድ ባዶ የቀረበትን ሁሉ ሰርዙ። ገጹ ላይ ምንም የማይለውጥ መረጃ የምትሰበስቡበት ምክንያት የለም።
4. ሦስተኛው አምድ ባዶ የሆነበትን ሳትሞሉ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከስም ተነሥታችሁ ሃይማኖት አትገምቱ። ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሁለቱንም ሃይማኖት ይዞ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ስሙም የዚያኑ ያህል የተሰባጠረ ነው። «ሰይድ» የሚል ስላያችሁ ብቻ የረመዳን ማስታወቂያ ብትልኩ፣ ወይም ስሙ የክርስቲያን መስሏችሁ የጾም ምግብ ብቻ ብታሳዩ፣ ደንበኛውን ትስታላችሁ፤ ታስቀይማላችሁም። የጾምና የፍስክ ምርጫ ለሁሉም እኩል ይታይ፤ የፈለገ ይጫነው። በረመዳን የሚለወጥ የማድረሻ ሰዓት ካለ ለሁሉም አንድ ላይ አስታውቁ። የመግቢያውን ቀን አስቀድማችሁ ኮድ ውስጥ አትቅበሩት፤ ጨረቃ ታይታ የሚጸና ስለሆነ ከአስተዳዳሪው ገጽ የሚቀየር አድርጉት።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ባዶውን ገጽ ሥሩ

ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራዋል። መጀመሪያ ካርታና ተንሸራታች ሥዕል የሞላበት ገጽ ይሠራና ኋላ ለደካማ ስልክ ይቀንሰዋል። ቅነሳው አያልቅም። ከባዶው ተነሡ።

1. ትእዛዝ መቀበያ ቅጹን ያለ ጃቫስክሪፕት (ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራ ኮድ) ሥሩ። ቁልፉ ሲጫን ቅጹ በቀጥታ ወደ ሰርቨር ይሂድ፤ ሰርቨሩ መልሱን ሙሉ ገጽ አድርጎ ይመልስ።
2. የመጀመሪያው ገጽ ሥዕሉ ሁሉ ተቆጥሮ ከ100 ኪሎባይት አይብለጥ። አንድ የዕቃ ሥዕል 30 ኪሎባይት ይበቃዋል።
3. ፎንት ከውጭ አታስጭኑ። አሁን በእጅ ያሉ የአንድሮይድ ስልኮች የግእዝ ፊደል ራሳቸው አላቸው።
4. ጽሑፉን 18 ፒክስል፣ የመስመሩን ቁመት 1.6 አድርጉት። የአማርኛ ፊደል ሲጠብ ቅጥያው ይጠፋል፤ «ሰ» እና «ስ» አይለዩም። ፊደሉን አታዝምሙ።
5. የጽሑፉና የጀርባው ንጽጽር 7 ለ 1 ይሁን። ለተራ ጽሑፍ 4.5 ለ 1 ይበቃል የሚባለው ቤት ውስጥ ላለ ሰው ነው። የባቲ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ግራጫ በነጭ አያነብም።
6. ቁልፉ ከ48 ፒክስል አይነስ፤ የሚጫነው ባጃጅ ላይ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል።
7. በየገጹ «ይደውሉ» የሚል ቁልፍ ይኑር። ማንበብ ለሚቸግረው ሰው ዋናው በር ይኸው ነው።

ካልሠራ፦ ገጹ ኦፔራ ሚኒ ላይ ባዶ ሆኖ ከተከፈተ ይዘቱን የሚስለው ጃቫስክሪፕት ነው ማለት ነው። በዚህ አሠራር ገጹ ተሰልቶ የሚመጣው ከኦፔራ ሰርቨር ስለሆነ ስልኩ ላይ ይሠራል ያላችሁት ኮድ በከፊል ብቻ ይሠራል። ወደ ተራ ቁጥር 1 ተመለሱ።

ደረጃ 3፦ ቦታውን በስም ጠይቁ፣ ጂፒኤስን ቀጥሎ

ከሁሉ በላይ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፦ *ዕቃው የሚደርሰው ለማን ነው?* «ለራሴ» እና «ለሌላ ሰው» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አድርጉ። የወሎ ልጅ ሪያድ ወይም አዲስ አበባ ሆኖ ሐይቅ ላለች እናቱ ዘይት ያዛል። ስልኩ ያለበትን ቦታ የማድረሻ አድራሻ አድርጋችሁ ከወሰዳችሁ ያ ትእዛዝ ከመነሻው ተበላሸ። «ለሌላ ሰው» ሲመረጥ ጂፒኤስን ጨርሳችሁ ዝጉ፤ የተቀባዩን ስምና ስልክ ለብቻው ጠይቁ።

1. ከተማውን በዝርዝር አስመርጡ፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ባቲ። የማታደርሱበትን ከተማ አታሳዩ።
2. ከዚያ ክፍለ ከተማ ወይም ቀበሌ። ይህ በፈቃድ ይሁን፤ ብዙ ሰው የቀበሌውን አዲስ ቁጥር አያውቀውም።
3. ከዚያ «በአቅራቢያ የሚታወቅ ቦታ»። ለደሴ ፒያሳ፣ ሸዋ በር፣ ሰኞ ገበያ፣ ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃ የመሳሰሉትን በምርጫ አቅርቡ፤ ከሥሩ ደግሞ ነጻ መጻፊያ፦ «ከመስጊዱ ወደ ላይ፣ ሰማያዊ በር»። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ግዴታ አታድርጉ።
4. አሁን ብቻ «ያለሁበትን ቦታ ጨምር» የሚል ቁልፍ አስቀምጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ገጹ እንደተከፈተ የቦታ ፈቃድ አትጠይቁ። ተጠቃሚው ለምን እንደተጠየቀ ሳይገባው «አይ» ይላል፤ ብራውዘሩም መልሱን ይይዝና ዳግም እንድትጠይቁ አይፈቅድላችሁም። ፈቃዱን ቁልፉ ሲጫን ብቻ ጠይቁ። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ካልተከፈተ ደግሞ ብራውዘሩ ጥያቄውን ራሱ ይዘጋዋል።

ብራውዘሩ ከነጥቡ ጋር የስሕተት ስፋት በሜትር ይሰጣችኋል። ይህን ቁጥር ሳታዩ ነጥቡን አትመኑ፦

- ከ50 ሜትር በታች፦ ለአድራሹ እንደ ነጥብ ላኩት።
- ከ50 እስከ 1000 ሜትር፦ ሠፈሩን ለመጠቆም ተጠቀሙበት፤ ተጠቃሚው ያረጋግጥ።
- ከ1000 በላይ፦ ከተማውን ቀድሞ ለመምረጥ ብቻ። ደሴ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ሳተላይት ካጣ ቦታውን ከአንቴና ይገምታል።

የጥበቃ ጊዜውን 15 ሰከንድ አድርጉት። የሚመለሰው የስሕተት ቁጥር 1 ከሆነ ተከልክላችኋል፤ ቁልፉን ደብቁና በስም ቀጥሉ። 2 ከሆነ ስልኩ ቦታውን አላገኘም፤ «ከቤት ወጣ ብለው ይሞክሩ ወይም ይዝለሉት» በሉ። 3 ከሆነ ጊዜው አልቋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙ። በሦስቱም ቅጹ መላኩን አይከልክል።

የኢንተርኔት አድራሻን አይቶ ከተማ የሚነግር አገልግሎት አትግዙ። ደሴ ያለ ስልክ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ሆኖ ይወጣል። እንዲያ ያለው መረጃ አገርን ለመለየት ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም።

ርቀትና ዋጋ፦ በሁለት ነጥብ መካከል ቀጥታ መስመር ለክታችሁ የማድረሻ ዋጋ አታስሉ። ከደሴ ኮምቦልቻ በቀጥታ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ የሚወርድ ስለሆነ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በቀጥታ መስመር ያሰላ ሱቅ በየጉዞው ይከስራል። የምታደርሱባቸው ከተሞች ጥቂት ስለሆኑ ዋጋውን በሰንጠረዥ በእጅ ሙሉ፤ የደሴ ጭጋግና የክረምት ዝናብ መንገዱን ሲያዘገየው ሰዓቱን ከአስተዳዳሪው ገጽ የምትጨምሩበት ቦታ ይኑራችሁ።

ደረጃ 4፦ ሰዓትና ቀን

1. ዳታቤዝ ውስጥ ሁሉንም በዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) አስቀምጡ። ወደ አገር ሰዓት የምትቀይሩት ሲታይ ብቻ ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ 3 ሰዓት ነው፤ በበጋና በክረምት አይለወጥም።
2. ወደ እኛ አቆጣጠር ለመቀየር በ24 ሰዓቱ ላይ 6 ጨምሩ፤ ውጤቱን በ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ያዙ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 በሉት።
3. የቀኑን ክፍል ሳትጽፉ ቁጥር ብቻ አታሳዩ።

ኮዳችሁን በእነዚህ ፈትኑ፦

- 07:00 — ጠዋት 1 ሰዓት
- 12:00 — ቀን 6 ሰዓት
- 19:00 — ማታ 1 ሰዓት
- 00:00 — ሌሊት 6 ሰዓት
- 05:00 — ሌሊት 11 ሰዓት

የሚያጣላው የሌሊቱ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚቀይረው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ሰው ግን እንደዚያ አያስብም። «ማክሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት» ስትሉ አንዱ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ይመጣል፣ ሌላው ማክሰኞ አምሽቶ ረቡዕ ሊነጋ ሲል። በተለይ የመኪና ትኬት የምትሸጡ፣ ጉዞ የሚጀመረው ሌሊት ስለሆነ ይህ ተሳፋሪ ያስቀራል። ከሌሊት 6 እስከ 12 ላለው ሰዓት ሁልጊዜ እንዲህ ጻፉ፦ «ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 11 ሰዓት»። ይህን አንብቦ ቀን የሚሳሳት የለም።

ሪፖርት ላይም ይኸው ስሕተት ይደበቃል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከሆነ ከሌሊት 6 እስከ 9 የገባ ትእዛዝ በትናንቱ ሂሳብ ይገባል። የቀኑ ድምር ከሳጥኑ ብር ጋር ካልገጠመ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ነው።

ለቀን መቁጠሪያው፣ ብራውዘሩና ብዙ የሰርቨር ቋንቋዎች የኢትዮጵያን ካላንደር አብሮ የያዘ መሣሪያ አላቸው። ቅየራውን ሰርቨር ላይ አድርጉት፤ አሮጌ ስልክ መሣሪያው ላይኖረው ይችላል። ዓመቱ 2017 መሆን ሲገባው 7517 ሆኖ ከወጣ በዓመተ ዓለም የሚቆጥረውን መርጣችኋል፤ ሌላኛውን ምረጡ። ከዓመቱ ጎን የማታውቁት የዘመን ምልክት ከተለጠፈ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ለየብቻ ወስዳችሁ ራሳችሁ ግጠሟቸው።

ጳጉሜን ሳትፈትኑ አትልቀቁ። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነው፤ ከፊቱ ያለው ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2023። መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ላይ ይውላል። ኮዳችሁ ሦስቱንም በትክክል ከሰጠ ለዘመን መለወጫ አትሰጉ። የቀን መምረጫው 13 ወር ከሌለው በጳጉሜ የተወለደ ሰው ቅጹን መሙላት አይችልም።

ከሰዓት ጋር የገበያ ቀንን አስገቡ። ባቲ ሰኞ ነው። ሰኞ ባቲ መንገዱም ኔትወርኩም ይጨናነቃል፤ ሰዉ ግን ከየገጠሩ ወጥቶ እዚያው ነው። የገጠር ደንበኛ ካላችሁ መረከቢያውን ሰኞ ገበያው አጠገብ አድርጉለት፤ ሌላ ቀን ቤቱ ድረስ ከመሄድ ይሻላል። ላሊበላ ድረስ ከደረሳችሁ እዚያ ቅዳሜን ያዙ።

ደረጃ 5፦ ቋንቋ፣ ስምና ፍለጋ

ቋንቋን ከቦታ አትውሰዱ። ባቲ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። ከብራውዘሩም አትውሰዱ፤ ብዙ ስልክ ከተገዛበት ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንደተቀመጠ ነው፤ የባለቤቱን ቋንቋ አይናገርም። በመጀመሪያው ገጽ አንድ ጊዜ ጠይቁ፤ እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ይጻፍ፤ መቀየሪያው በየገጹ አናት ላይ ይኑር።

ቁልፎቹን በአክብሮት ጻፉ፦ «ይግቡ»፣ «ይላኩ»፣ «ያስተካክሉ»። «ግባ» ካላችሁ ሴቷን ደንበኛ ትታችኋታል፣ ሽማግሌውንም አንተ ብላችኋል።

የስም ቅጽ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ዝርዝር ስታወጡ በራሱ ስም ደርድሩ። ደንበኛው የጻፈውን ስም አታርሙ።

ፍለጋው እንዲህ ይሥራ፦

1. የተጻፈውን እንዳለ አስቀምጡ፤ ጎን ለጎን ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቅጂ ያዙ።
2. በቅጂው ውስጥ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለውጡ፤ በሰባቱም ቤት። ሃ፣ ሓና ኃም ወደ ሀ፣ ኣና ዓም ወደ አ ይግቡ።
3. ኸን ከሀ ጋር ብቻ አታጣምሩ። በወሎ አነጋገር «ኸደሴ» ብሎ የሚጽፍ ሰው «ከደሴ» ማለቱ ነው። በሁለቱም መንገድ ፈልጉለት።
4. ለቦታ ስሞች የእጅ ዝርዝር ያዙ፦ ሸዋ በርና ሸዋበር፣ ወልድያና ወልዲያ፣ ከሚሴና ኬሚሴ። እነዚህን ሕግ አይደርስባቸውም።
5. አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ብዙ ነው። ቢያንስ የከተማና የዕቃ ስሞችን በሁለቱም ፊደል መዝግቡ።

ካልሠራ፦ «ሙሐመድ ሰይድ» ሲፈለግ «መሀመድ ሰኢድ» ካልመጣ ፊደል ማጣመሩ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ አናባቢው ራሱ ተለውጧል። እዚህ ላይ ጊዜ አታባክኑ፤ ሰውን በስልክ ቁጥሩ ለዩት።

ደረጃ 6፦ ኔትወርክ ሲደክምና ሲጠፋ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለ ሰው ትእዛዝ ጀምሮ ሳይጨርስ ምልክት ሊያጣ ይችላል። ከዚያ የከፋም አለ፦ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ እዚህ የሠራ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሁለቱን ለየብቻ አስቡ።

*ለአጭር መቆራረጥ*

1. ትእዛዙ ስልኩ ላይ ሲጀመር የራሱ መለያ ቁጥር እዚያው ይሰጠው። ሰርቨሩ ያንኑ መለያ ሁለተኛ ጊዜ ካየ አዲስ አይመዝግብ፤ የመጀመሪያውን መልስ ይመልስ። አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ መመዝገቡ የሚቆመው በዚህ ብቻ ነው፤ ቁልፉን ማደብዘዝ አያድንም።
2. ያልተላከውን ትእዛዝ ብራውዘሩ ውስጥ ባለው ማከማቻ አስቀምጡ፤ ደንበኛው በግልጽ ይየው፦ «ተቀምጧል፤ ገና አልተላከም»። ከዚያ «ተልኳል»፣ ከዚያ «ሱቁ ተቀብሎታል»። ሦስቱን በአንድ አረንጓዴ ምልክት አታምታቱ።
3. ምልክት ሲመለስ በራሱ የሚልከው የብራውዘር መሣሪያ ክሮም ላይ አለ፤ አይፎን ላይና ፋየርፎክስ ላይ የለም። ስለዚህ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ያልተላከ ካለ እንዲሞክር አድርጉ።
4. ብራውዘሩ «ኦንላይን ነኝ» ሲል አትመኑት። ዋይፋይ ተያይዞ ኢንተርኔት የሌለበት ጊዜ አለ። ከራሳችሁ ሰርቨር ትንሽ ፋይል ጠይቁ፤ በ5 ሰከንድ ካልመጣ የለም ብላችሁ ያዙት።
5. ያቺው ፋይል ከ2 ሰከንድ በላይ ከፈጀች ሥዕሎቹን አታምጡ፤ «ሥዕል አሳይ» የሚል ቁልፍ አስቀምጡ። ስልኩ ዳታ ቆጣቢ ላይ መሆኑን ከነገራችሁም እንዲሁ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ገጹን ያለ ኔትወርክ የሚያስነሣው ሰርቪስ ወርከር የድሮ ዋጋ ይዞ ሊቀር ይችላል። ዋጋ ሁልጊዜ መጀመሪያ ከሰርቨር ይጠየቅ። ከማከማቻ ከወጣ የተወሰደበት ቀን አብሮ ይታይ፤ ሱቁም ከማድረሱ በፊት ደውሎ ያረጋግጥ።

ካልሠራ፦ የተበላሸ ሰርቪስ ወርከር ለደንበኞች ከደረሰ ፋይሉን ከሰርቨር አትሰርዙ፤ ቢሰረዝ አሮጌው ስልካቸው ላይ ይቀራል። በዚያው አድራሻና በዚያው ስም ራሱን የሚያጠፋ አዲስ ፋይል አውጡ። ብራውዘሩ የፋይሉን ቅጂ እንዳያስቀምጥም ሰርቨሩ ላይ እዘዙ።

*ለረጅም መቋረጥ*

ትእዛዝ በስልክ ጥሪ ተቀብሎ የሚመዘግብ ሰው የሚጠቀምበት አጭር የውስጥ ገጽ ሥሩ። የደንበኞችና የዋጋ ዝርዝር በየማታው ሱቁ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይገልበጥ፤ የሚነበበውም ያለ ኢንተርኔት ይሁን። ሰርቨራችሁ ውጭ አገር ከሆነ ይህ ቅጂ በዚያ ቀን ያላችሁ ብቸኛው መረጃ ነው።

ደረጃ 7፦ ስልክ ቁጥርና አጭር መልእክት

1. 09 እና 07ን ሁለቱንም ተቀበሉ። ከ251 በኋላ 9 አሃዝ ይቀራል፤ 0 ያለውንም የሌለውንም ወደ አንድ መልክ ቀይሩ። ክፍተትና ሰረዝ ካለ ራሳችሁ አውጡት፤ ደንበኛውን አትመልሱ።
2. የከፋዩ ስልክ የውጭ አገር ቁጥር ሊሆን እንደሚችል ፍቀዱ፤ 966 (የሳዑዲ ዓረቢያ) የሚል ጅማሬ ስሕተት አይደለም። የተቀባዩ ግን የአገር ውስጥ ይሁን።
3. አማርኛ አጭር መልእክት በአንድ ክፍል የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ክፍተቱም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል፤ ሒሳቡም በየክፍሉ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ 160 ይይዛል፤ ነገር ግን አንድ የግእዝ ፊደል ከገባበት ሙሉው ወደ 70 ይወርዳል።
4. ስለዚህ ሰላምታውን ተዉትና እንዲህ ጻፉ፦ «ትእዛዝ 4127 ደርሶናል። ማክሰኞ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይደርሳል። ለውጥ ካለ ይደውሉ።» ይህ 70 አይሞላም።
5. በተራው ቁልፍ ስልክ ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከታየ ስልኩ ፊደሉን አያውቅም። ለዚያ ደንበኛ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ የሚላክበት ምልክት መዝገቡ ላይ ይኑር።

ክፍያን በአንድ መንገድ ብቻ አትወስኑ። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይከፈላል፤ ኤም-ፔሳ የሚጠቀምም አለ፤ ሲደርሰኝ በእጄ እከፍላለሁ የሚልም አለ። ሦስቱንም አሳዩ። የከፈለ ሰው የደረሰኙን ቁጥር ኋላም የሚያስገባበት ቦታ ስጡት፤ ከገጹ ወጥቶ ኮድ ደውሎ ሲመለስ ቅጹ ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀው።

ደረጃ 8፦ የጋራ ስልክና የሰው ምስጢር

አንድ ስልክ ለቤተሰብ ሁሉ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። «አስታውሰኝ» የሚለው ምርጫ ከመነሻው ያልተመረጠ ይሁን። የቀድሞ ትእዛዞች ዝርዝር የማረጋገጫ ኮድ ሳይገባ አይታይ። የመድኃኒት ወይም የክሊኒክ አገልግሎት ከሆነ አጭር መልእክቱ ላይ የመድኃኒቱን ስም አትጻፉ፤ ማን እንደሚያነበው አታውቁም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበለት ዓላማ ብቻ እንዲውል ይጠይቃል። ለዕቃ ማድረስ የወሰዳችሁትን የጂፒኤስ ነጥብ ዕቃው ከደረሰ በኋላ አጥፉት፤ ደንበኛው «ለሚቀጥለው ጊዜ ያዙልኝ» ካለ ብቻ አቆዩት። ይህን በራሱ የሚሠራ ኮድ ጻፉ። በእጅ እናጠፋለን ያለ ሁሉ ይረሳዋል።

ደረጃ 9፦ መንገድ ላይ ፈትኑ

ቢሮ ውስጥ ኔትወርክ የሚያዘገየው የብራውዘር መሣሪያ ለመጀመሪያው ፍተሻ ይረዳል፤ ተራራን ግን አያስመስልም። ሰኞ ጠዋት ርካሹን ስልክ ይዛችሁ ከደሴ ተነሡ።

1. ደሴ፣ ቤት ውስጥ፦ የቦታ ቁልፉን ተጫኑ፤ የስሕተት ስፋቱን መዝግቡ። ፈቃዱን ከልክሉና ቅጹ እስከ መጨረሻው መሄዱን እዩ።
2. ቁልቁለቱ ላይ፦ መኪናው እየሄደ ትእዛዝ ላኩ። ሲቆራረጥ ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ሰርቨሩ ላይ አንድ ብቻ መግባቱን ኋላ አረጋግጡ።
3. ኮምቦልቻ፦ ሲሙን ቀይሩ፤ በ07 ቁጥር ተመዝገቡ፤ የማረጋገጫ ኮዱ በስንት ደቂቃ እንደመጣ ያዙ። ኮዱ ከመድረሱ በፊት የሚያልቅ ጊዜ ካስቀመጣችሁ አርዝሙት።
4. ባቲ፣ ገበያው መሐል፣ ቀን 6 ሰዓት፦ የስልኩን ብርሃን አታጉሉ፤ ገጹ ይነበባል? ከዚያ ስልኩን ገጹን አይቶት ለማያውቅ ነጋዴ ስጡትና አንድ ዕቃ እንዲያዝ ጠይቁት። አታግዙት፣ አትጠቁሙት። እጁ የቆመበትን ቦታ ብቻ ጻፉ።

ማታ ስትመለሱ ማስታወሻውን ከደረጃ 1 ወረቀት ጋር አስተያዩ። ነጋዴው የቆመበት ቦታ ወረቀቱ ላይ ከሌለ አዲስ ረድፍ ጨምሩለት፤ ሦስተኛውን አምድ ሙሉ፤ ኮዱን አስተካክሉና በሚቀጥለው ሰኞ ያንኑ ክፍል ብቻ ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ፈትኑ።